የባሕር በር የሌላት አገር ትንበያ ከባሕር ይጀምራል፦ የሕንድ ውቅያኖስ የጋራ ምልከታና የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ

አኅፅሮተ ጥናት

የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ከዓመት ወደ ዓመት የሚለዋወጠው በአመዛኙ ከሕንድና ከፓስፊክ ውቅያኖሶች የሙቀት ሁኔታ ጋር ተያይዞ ነው። ይህን ሁኔታ ብቻውን ሊለካ የሚችል አገር የለም፤ መርከቡ የአንዱ፣ መሣሪያው የሌላው፣ ትንበያው የሦስተኛው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕንድ ውቅያኖስ ምልከታ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአገሮች ትብብር የተገነባበትን መንገድ ይከተላል፤ ትብብሩ የሳሳበትን ቦታ ከነምክንያቱ ያመለክታል፤ በመጨረሻም የባሕር በር የሌላት አገር ተመራማሪዎች ለዚህ የጋራ ሥራ ሊያበረክቱ የሚችሉትን ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የየብሱ የዝናብ መዝገብ ከውቅያኖሱ መለኪያ ባላነሰ የትብብሩ ምሰሶ መሆኑ ነው። የውቅያኖሱን መረጃ በነፃ የሚጠቀም አገር የየብሱንም ማጋራት ይጠበቅበታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሕንድን የሜትሮሎጂ አገልግሎት ይመራ የነበረው ጊልበርት ዎከር፣ የሕንድ የሞንሱን ዝናብ በየትኛው ዓመት እንደሚሰንፍ አስቀድሞ የሚያሳውቅ ምልክት ይፈልግ ነበር። ለዚህም ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የተሰበሰቡ የአየር ግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ መዝገቦችን እርስ በርሳቸው አነጻጸረ። ከእነዚህም መዝገቦች አንዱ በግብፅ ይለካ የነበረው የዓባይ ሙላት ነበር። የዓባይ ሙላት በዋናነት የኢትዮጵያ ደጋ የክረምት ዝናብ ውጤት መሆኑ ይታወቃል። እንግዲህ በኢትዮጵያ የዘነበው ክረምት በግብፅ ተለክቶ፣ በሕንድ ተሰልቶ፣ ዛሬ ሳውዘርን ኦሲሌሽን ተብሎ የሚታወቀውን በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች መካከል የሚታየውን የአየር ግፊት መዋዠቅ ለመለየት ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። ኢትዮጵያ በዚህ ግኝት ውስጥ በዝናቧ እንጂ በተመራማሪዎቿ አልነበረችበትም።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛ፣ የአካባቢው ዝናብ የሩቅ ውቅያኖሶች ነገር መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ ስለ ውቅያኖሱ የሚገኘው ዕውቀት በየብስ ላይ በተያዘ መዝገብም ጭምር የሚገነባ መሆኑን። ከዚህ በመነሣት ጽሑፉ ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣል፦ የሕንድ ውቅያኖስ ምልከታ በምን ዓይነት የትብብር ሥርዓት ተገነባ? ሥርዓቱ የት ላይ ነው የሳሳው? የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያስ በዚህ ውስጥ ድርሻዋ ምንድን ነው?

2. ውቅያኖሱ በአካባቢው ዝናብ ላይ ያለው ተጽዕኖ

በኢትዮጵያ የሜትሮሎጂ አሠራር ዓመቱ በሦስት ወቅቶች ይከፈላል፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ። ይሁን እንጂ የአንዱ ወቅት ትርጉም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ክረምት ለሰሜኑ፣ ለመካከለኛውና ለምዕራቡ ዋናው የዝናብ ጊዜ ሲሆን፣ ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ግን ደረቅ ወቅት ነው። እነዚህ አካባቢዎች ዝናብ የሚያገኙት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው።

የፓስፊክ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል በምድር ወገብ ዙሪያ ከመደበኛው በላይ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኖ ሲከሠት፣ በምድር ወገብ ላይ የሚዘዋወረው አየር የሚነሣበትና የሚወርድበት ቦታ ይለወጣል። በዚህም ምክንያት የኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ የመቀነስ ዝንባሌ ያሳያል። ድሪባ ቆሬቻና አንቶኒ ባርንስተን በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ የክረምቱን ዝናብ መለዋወጥ ከሚቆጣጠሩት መንስኤዎች ዋነኛው ይኸው የፓስፊክ ሁኔታ መሆኑን አሳይተዋል። የ2015 ኤልኒኖ ያስከተለውን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ይፋ ተደርጎ ነበር።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ዝናብ ግን ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር የቀረበ ዝምድና አለው። ሳጂ፣ ጎስዋሚ፣ ቪናያቻንድራንና ያማጋታ በ1999 የሕንድ ውቅያኖስ ዳይፖል ተብሎ የሚጠራውን ክሥተት በግልጽ ለይተው አቀረቡ። መለኪያውም ቀላል ነው፦ በምዕራብ ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስና ከ10 ዲግሪ ደቡብ እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ያለው የባሕር ገጽ ሙቀት ከመደበኛው የራቀበት መጠን ይወሰዳል፤ ከእርሱም ላይ በምሥራቅ፣ በሱማትራ አቅጣጫ፣ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ምሥራቅና ከ10 ዲግሪ ደቡብ እስከ ምድር ወገብ ያለው ይቀነሳል። ምዕራቡ ሞቆ ምሥራቁ ሲቀዘቅዝ ክሥተቱ አዎንታዊ ይባላል። በዚህ ጊዜ እርጥበት አዘል አየር በአፍሪካ ጠረፍ አቅራቢያ ወደ ላይ ስለሚነሣ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ይበረታል፤ በአሉታዊው ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ይሆናል።

በ1997 ብርቱ ኤልኒኖና አዎንታዊ ዳይፖል በአንድነት በተከሠቱ ጊዜ የዋቢ ሸበሌና የጁባ ወንዞች ከወሰናቸው አልፈው ከፍተኛ ጥፋት አድርሰዋል። በ2019 የታየው አዎንታዊ ዳይፖል በመዝገብ ከታወቁት እጅግ ብርቱዎች አንዱ ሲሆን፣ በአካባቢው ጎርፍ አስከትሏል፤ ለበረሃ አንበጣ መራባትም ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል። በአንጻሩ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ላኒና በተደጋገመበት ወቅት፣ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። ከዚህ እንደምንረዳው ለደጋው ገበሬ ክፉ የሆነ የውቅያኖስ ሁኔታ ለቆላው አርብቶ አደር ዝናብ ሊያመጣ ይችላል፤ ሲበዛም ጎርፍ ይሆንበታል። ስለዚህ ለመላ አገሪቱ በአንድ አማካይ ቁጥር የሚቀርብ ትንበያ ለማንም አይበጅም።

3. ከጊዜያዊ ጉዞ ወደ ቋሚ ምልከታ

የሕንድ ውቅያኖስ ከሦስቱ ታላላቅ ውቅያኖሶች ለረጅም ጊዜ በጥቂቱ የተጠና ነበር። ይህን ለመለወጥ የመጀመሪያው ታላቅ ጥረት ከ1959 እስከ 1965 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የሕንድ ውቅያኖስ ጉዞ ነው። ጉዞው በ1957 በተቋቋመው የውቅያኖስ ምርምር ሳይንሳዊ ኮሚቴ ተጠንስሶ፣ በ1960 በተመሠረተው የዩኔስኮ የበይነ መንግሥታት የውቅያኖስ ጥናት ኮሚሽን ተባባሪነት ተከናወነ። ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ከ40 የሚበልጡ መርከቦች ተሳትፈውበታል። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሆኖ ሳለ፣ በፖለቲካ የተቃረኑ መንግሥታት መርከቦች በአንድ ዕቅድ መሠረት መለካታቸው በራሱ ልብ ሊባል የሚገባ ነው። በ1963 በቦምቤይ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሜትሮሎጂ ማዕከልም የአካባቢውን የአየር ሁኔታ መረጃ በአንድ ቦታ ሰብስቦ ይተነትን ነበር። ክላውስ ቪርትኪ በ1971 ያሳተመው የውቅያኖስ አትላስ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው።

ከዚያው ዘመን አንድ ግኝት ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። ጆን ፊንድሌተር በ1969 ባቀረበው ጥናት፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በጋ የምድር ወገብን ተሻግሮ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አጠገብ ወደ ሕንድ የሚጋልበውን ዝቅተኛ የነፋስ ጅረት ለይቶ አሳየ። ይህን ያሳየው በአብዛኛው በምሥራቅ አፍሪካ የየብስ ጣቢያዎች ወደ ሰማይ በተለቀቁ ፊኛዎች መዝገብ ነው። የሕንድን ሞንሱን የሚያንቀሳቅሰው ጅረት በአፍሪካ ምድር ላይ በተያዘ መዝገብ ታወቀ ማለት ነው።

ጉዞው ግን ጊዜያዊ ነበር። መርከብ ሲመለስ ልኬቱ ይቋረጣል፤ የአየር ንብረት መለዋወጥ ደግሞ ያልተቋረጠ ልኬት ይሻል። የዚህን ጉድለት ዋጋ ዓለም የተማረው ከፓስፊክ ነው። በ1982 የጀመረው ኤልኒኖ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከታዩት ሁሉ ብርቱ ሆኖ ሳለ፣ እየተካሄደ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በውቅያኖሱ ላይ በቂ መለኪያ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት በሜክሲኮ የፈነዳው የኤል ቺቾን እሳተ ገሞራ ያወጣው ብናኝም የሳተላይቶችን የሙቀት ልኬት አዛብቶት ነበር። ከ1985 እስከ 1994 በተካሄደው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር በፓስፊክ የምድር ወገብ ላይ መልሕቅ የተጣለላቸው ተንሳፋፊ መለኪያዎች መረብ የተዘረጋው ከዚህ ትምህርት በኋላ ነው።

የሕንድ ውቅያኖስ ተመሳሳይ መረብ ለማግኘት ተጨማሪ ዓመታት ጠብቋል። ራማ የተባለው የተንሳፋፊ መለኪያዎች መረብ በ2004 ታቅዶ፣ በመጀመሪያው ንድፉ 46 ቦታዎችን ያካትት ነበር። ሥርዓቱ በመለዋወጥ ላይ የቆመ ነው፦ አሜሪካ በአብዛኛው መሣሪያውን ታቀርባለች፤ ሕንድ፣ ኢንዶኔዥያና ሌሎች የአካባቢው አገሮች የመርከብ ቀናትን ይሰጣሉ፤ ጃፓንና ቻይናም የራሳቸውን መለኪያዎች ተክለዋል። ከዚህ ጎን አርጎ የተባለው መርሐ ግብር አለ። የአርጎ መለኪያዎች በ1,000 ሜትር ጥልቀት እየተንሳፈፉ ይቆያሉ፤ በየ10 ቀኑ ወደ 2,000 ሜትር ወርደው ሙቀትንና ጨዋማነትን እየለኩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ መረጃውንም በሳተላይት ይልካሉ። መረጃው በአንድ ቀን ውስጥ ለማንኛውም ተጠቃሚ በነፃ ይደርሳል፤ የአዲስ አበባም የባሕር ዳርም ተመራቂ ተማሪ ከባለ መርከቡ አገር ተመራማሪ እኩል ሊያገኘው ይችላል።

4. ትብብሩ የሳሳበት ቦታ

የመረቡ ድካም በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከ2008 ገደማ ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት በሶማሊያ ጠረፍና ከዚያም ራቅ ባለው ባሕር የተስፋፋው የባሕር ላይ ውንብድና የምርምር መርከቦችን ከምዕራባዊው የሕንድ ውቅያኖስ አርቋቸዋል። የንግድ መርከቦችም መንገዳቸውን ስለ ቀየሩ በፈቃደኝነት ይልኩት የነበረው የነፋስና የአየር ግፊት መረጃ በዚያ አካባቢ ተመናምኗል። የተንሳፋፊዎቹ መትከያ በምዕራቡ በኩል ዘገየ። በ2011 የአውስትራሊያና የአሜሪካ የባሕር ኃይሎች የአርጎ መለኪያዎችን በአካባቢው በመጣል እንዲያግዙ እስከ መጠየቅ ተደርሷል። በሌሎች ቦታዎች ደግሞ ዓሣ በተንሳፋፊ መለኪያዎች ዙሪያ ስለሚሰበሰብ፣ ዓሣ አጥማጆች መሣሪያዎቹን የሚያበላሹበት ጊዜ አለ። የምልከታ ሥርዓቱ በኋላ ሲከለስ የራማ ንድፍ ወደ 33 ቦታዎች ዝቅ ማለቱ፣ የመርከብ ቀን ከመሣሪያው ይልቅ ውድ መሆኑን ያሳያል።

የጉዳዩ አስቸጋሪነት እዚህ ላይ ነው። ከላይ እንደ ተገለጸው፣ የዳይፖሉ ምዕራባዊ ሚዛን የሚለካው በዚሁ በሳሳው አካባቢ ነው። ሳተላይት የባሕሩን ገጽ ሙቀት ያሳያል፤ ከገጹ በታች የተከማቸውን ሙቀት ግን በቀጥታ አይለካም። ለወራት አስቀድሞ ለመተንበይ ደግሞ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ከሥር ያለው ሙቀት ነው። ስለዚህ ጉድለቱ የሚጎዳው ባለ መርከቦቹን አገሮች ሳይሆን፣ መርከብም መሣሪያም የሌላቸውን በዝናብ የሚያርሱ አገሮች ነው። በ2015 የተጀመረው ሁለተኛው ዓለም አቀፍ የሕንድ ውቅያኖስ ጉዞ የአካባቢውን አገሮች ተሳትፎና የወጣት ተመራማሪዎችን ሥልጠና ከዓላማዎቹ መካከል ማድረጉ ይህን ሚዛን ለማቃናት የሚረዳ ነው።

5. ከመረጃ ወደ ትንበያ

የተለካው ሁሉ በመጨረሻ ወደ አንድ ውሳኔ ሊለወጥ ይገባዋል፤ ገበሬው መቼና ምን ይዝራ? ለዚህ የሚያገለግለው ሌላው የትብብር ሥርዓት በ1989 በናይሮቢና በሐራሬ ከተቋቋሙት የድርቅ መከታተያ ማዕከላት ይጀምራል። የናይሮቢው ማዕከል በኋላ የኢጋድ አካል ሆኖ፣ ዛሬ የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያና አገልግሎት ማዕከል ተብሏል። ከ1998 ጀምሮ የታላቁ የአፍሪካ ቀንድ የአየር ንብረት ትንበያ ጉባኤ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ከዋና ዋናዎቹ የዝናብ ወቅቶች በፊት ይካሄዳል። የአገሮቹ ባለሙያዎች ውጤታቸውን ያነጻጽራሉ፤ የግብርና፣ የውኃና የአደጋ መከላከል ባለሙያዎችም ትርጉሙን ይወያዩበታል።

ትንበያው የሚሰጠው በሦስት መደቦች ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች። ምንም መረጃ ከሌለ ለእያንዳንዱ መደብ የሚሰጠው ዕድል አንድ ሦስተኛ ነው። ለምሳሌ ትንበያው 45፣ 35፣ 20 በመቶ ቢል፣ ዝናቡ ይበዛል ማለት አይደለም፤ ከ100 ተመሳሳይ ወቅቶች በ20ዎቹ ዝናቡ ከመደበኛ በታች እንደሚሆን ትንበያው ራሱ ይናገራል። ይህን ልዩነት ሳይገልጹ ማስተላለፍ ትንበያው በተገቢው መንገድ ቢሠራም እንኳ እንደ ስሕተት እንዲቆጠር ያደርገዋል።

ትልቁ ያልተፈታ ችግር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ነው። ከውቅያኖሶች ጋር ያለው ዝምድና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ካለው ይልቅ ደካማ ስለሆነ አስቀድሞ መተንበዩ ይከብዳል። ከዚህም በላይ ካለፉት አሥርተ ዓመታት አብዛኛዎቹ ይህ ዝናብ የመቀነስ አዝማሚያ ሲያሳይ፣ የአየር ንብረት ሞዴሎች ግን ወደ ፊት እንደሚጨምር ያመለክታሉ። ተመራማሪዎች የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ንብረት ተቃርኖ ብለው የሚጠሩት ይህን ነው። ለመስኖ፣ ለግጦሽና ለረጅም ጊዜ ሥራ የሚያቅድ ባለሙያ በዚህ ተቃርኖ መካከል ቆሟል።

6. የየብሱ ድርሻ

እስከ አሁን የቀረበው ትብብሩ የባለ መርከቦች ብቻ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሞዴል ከውቅያኖሱ ተነሥቶ የሰጠው ትንበያ ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በየብስ ላይ በተለካ ዝናብ ነው። በሳተላይት የተገመተ ዝናብም በዝናብ መለኪያ ካልታረመ፣ በተለይ እንደ ኢትዮጵያ ባለ ተራራማ ምድር፣ ከእውነቱ ሊርቅ ይችላል። ኢናክትስ የተባለው የጣቢያና የሳተላይት መረጃን የማዋሐድ ሥራ በኢትዮጵያ ተጀምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች መስፋፋቱ፣ የየብሱ መዝገብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያስረዳል።

የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በ1995 ባጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 40 መሠረታዊ የሜትሮሎጂ መረጃ በነፃ እንዲለዋወጥ ተስማምቷል፤ በ2021 ያጸደቀው የተዋሐደ የመረጃ ፖሊሲም ይህን መርሕ ወደ ውቅያኖስና ወደ ሌሎች ዘርፎች አስፍቶታል። በተግባር ግን የውቅያኖሱ መረጃ ለሁሉም ክፍት ሲሆን፣ በብዙ የአካባቢያችን አገሮች የዕለት ዝናብ መዝገብ ለተመራማሪ በቀላሉ አይገኝም። ለዚህ ምክንያት አለ፤ የጣቢያ አያያዝ ወጪ ይጠይቃል፣ የብዙ ዓመታት መዝገብም ገና በወረቀት ላይ ነው። ይሁንና ከሌላው ማዕድ እየበሉ የራስን መሶብ ከድኖ ማስቀመጥ ትብብርን ያላላል።

ከዚህ አንጻር የድኅረ ምረቃ ምርምር ሊያተኩርባቸው የሚገቡ አራት ሥራዎች አሉ።

አንደኛ፣ በወረቀት የቀሩ የጣቢያ መዝገቦችን ወደ ዲጂታል መለወጥና ጥራታቸውን መመርመር። ጣቢያው መቼ እንደተዛወረ ያልተመዘገበበት ተከታታይ መረጃ፣ ያልነበረ የአየር ንብረት ለውጥ ሊያሳይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ትንበያን በንዑስ አካባቢ መመዘን። የደጋውን ክረምትና የቆላውን የጥቅምት ዝናብ በአንድ አማካይ የሚደባልቅ ጥናት፣ ተቃራኒ የሆኑ ምልክቶችን እርስ በርስ ያጣፋል።

ሦስተኛ፣ በዝምድና ስሌት ላይ ጥንቃቄ ማድረግ። አንድ ተማሪ የበልግን ዝናብ በውቅያኖስ ላይ ካሉ 1,000 ነጥቦች ጋር ቢያዛምድ፣ ምንም እውነተኛ ዝምድና ባይኖር እንኳ በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን 50 ያህል ነጥቦች በአጋጣሚ ጉልህ መስለው ይታያሉ። ስለዚህ ነጥቡ ከመመረጡ በፊት የአካሉ፣ ማለትም የነፋሱና የእርጥበቱ፣ መንገድ መታወቅ አለበት፤ ስሌቱም ባልተጠቀሙበት ዓመታት መረጃ ሊፈተን ይገባዋል።

አራተኛ፣ የመረቡ ንድፍ በሚከለስበት መድረክ ላይ የተጠቃሚውን ጥያቄ ማቅረብ። ከሞዴል ውስጥ የአንድ አካባቢ ልኬት ቀርቶ ትንበያው ሲሠራ ምን ያህል እንደሚደክም መፈተን ይቻላል። የትኛው የሕንድ ውቅያኖስ ክፍል ሳይለካ ሲቀር የበልግ ወይም የጥቅምት ትንበያ ይበልጥ እንደሚጎዳ በዚህ መንገድ ያሳየ ተመራማሪ፣ መርከብ ሳይኖረው መርከቡ የሚሄድበትን መንገድ ሊወስን ይችላል።

7. ማጠቃለያ

የሕንድ ውቅያኖስ ምልከታ የተገነባው አንዱ የሌላውን ጉድለት በሚሞላበት መንገድ ነው፤ መሣሪያ ያለው መሣሪያ፣ መርከብ ያለው የመርከብ ቀን ሰጥቷል። በዚህ ልውውጥ ውስጥ የባሕር በር የሌላት አገር ድርሻ የሚሰጥ ነገር የሌለው የተቀባይ ድርሻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ዝናቡን በታማኝነት የመዘገበ ጣቢያ፣ መዝገቡን ያጠራ ተማሪና ትንበያውን በቦታው የመዘነ ተመራማሪ የዚያው ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ ክረምት በሌሎች ተለክቶ፣ በሌሎች ተተንትኗል። ዛሬ መረጃው ክፍት ነው፤ መድረኩም አለ። በልግ የዘራ ገበሬና ውኃ ፍለጋ ከብቶቹን የሚነዳ አርብቶ አደር የሚጠብቁት፣ የትንታኔው ሥራ በዚህ በኩልም እንዲጀመር ነው።